በትከሻው ያለው ብረት

ካሳሁን የገዛ ትከሻው ጉዳይ ያለ እሱ ተመክሮበት እንዳለቀ የሰማው ከግድግዳ ማዶ ነው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ማለዳ ነበር። በጀርባው ተንጋሎ፣ ቀኝ ክንዱ በሰፊ ነጭ ጨርቅ ደረቱ ላይ ታስሮ፣ ዝናብ ያወየበውን የኮርኒስ አቡጀዲ ያያል። አማቱ ወይዘሮ ድንቅቱ ከቤቱ ጀርባ ቆመው ከአንድ ሰው ጋር ያወራሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት፤ ግን የጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ የበዛበት በመሆኑ እያንዳንዱ ቃል አልጋው ድረስ ይመጣል።

«ደመናው ሳይሰበሰብ ይምጡልኝ ሐኪም፤ ከስምንት ሰዓት በፊት። አለበለዚያ እኔ ከዚያ ብረት ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አልውልም። የልጅ ልጄንም አላስቀምጥም፤ ይዣት ነው የምወጣው።»

«የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው ወይዘሮ ድንቅቱ። ጫፉ ከቆዳው ሥር ይዳሰሳል። እሾህ እንደ መንቀል ነው።»

«እምቢ ቢልስ?»

«እሱን ለእኔ ይተዉት።»

ሁለተኛው ድምፅ የገብረየስ ነው። በጦር ሠራዊት ድሬሰር፣ ቁስል አሻጊ፣ ሆነው ያገለገሉ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው በበቅሎ እየዞሩ መርፌ የሚወጉ ሰው ናቸው፤ የሱሉልታ ሰው ሐኪም ይላቸዋል፣ እሳቸውም አይደለሁም ብለው አያውቁም። ካሳሁን ግራ እጁን ቀስ አድርጎ ወደ ትከሻው ወሰደ። ፋሻው ጫፍ ላይ፣ ከቆዳው ሥር፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠንካራ ነገር አለች። ዳሰሳትና እጁን ቶሎ መለሰ።

ያቺ የብረቱ ጫፍ ናት። ካሳሁን የስልክ መስመር ሠራተኛ ነው። ከሃያ ስድስት ቀን በፊት፣ ከጫንጮ ወዲህ አንድ እንጨት ላይ ወጥቶ ሽቦ ሲያጠብቅ እርጥቡ እንጨት አዳለጠውና በቀኝ ትከሻው ወረደ። ከአንገቱ ሥር ተነሥቶ ወደ ትከሻው የሚዘልቀው አጥንት ተሰበረ። አዲስ አበባ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ቀዶ አጥንቱን ገጣጠመና በመሃሉ ወስፌ የመሰለ ቀጭን ብረት አሳልፎ ሰፋው። በአስተርጓሚ የተነገረው ምክር ግልጽ ነበር። ብረቱ ስምንት ሳምንት ይቀመጣል፤ ከዚያ በፊት ማንም አይንካው። አጥንቱ ሳይያያዝ ቢወጣ ክንዱ ዳግመኛ ከደረቱ በላይ አይነሣም፤ ይባስ ብሎ ስብራቱ ወደ ታች ከሸሸ ከሥሩ ሳንባ አለ። ሚስቱ አያንቱም አጠገቡ ቆማ ይህን ሁሉ ሰምታለች። ካሳሁን ያን ዕለት አንድ ጥያቄ ነበረው። መብረቅስ? ሊል ፈልጎ ነበር። አስተርጓሚው ጎረምሳ ነገር ስለሆነ ይስቅብኛል ብሎ ተወው። አሁን ስለዚህች ይሉኝታው በየቀኑ ራሱን ይረግማል።

የሱሉልታን ሐምሌ የማያውቅ ሰው በወይዘሮ ድንቅቱ ይስቅ ይሆናል። ሜዳው ወለል ያለ ነው፤ ነጎድጓዱ ከእንጦጦ ጀርባ ተነሥቶ ሲመጣ የሚከልለው ነገር የለም። ባላቸው ኦቦ ኢቲቻ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እርሻ ውለው ሲመለሱ፣ ማረሻውን በትከሻቸው እንደ ተሸከሙ፣ ቤታቸው ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው መብረቅ ጥሏቸዋል። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ቤት ውስጥ ያለውን ብረት ሁሉ ይለቅማሉ። መጥረቢያው፣ ማጭዱ፣ ቢላዋው፣ የከሰል ካውያው፣ የሳጥን ቁልፍ ሳይቀር በጆንያ ተጠቅሎ አጥሩ ጥግ ይጣላል። ካሳሁን ልጃቸውን አግብቶ እዚህ ግቢ ከገባ ጀምሮ ሲቀልድባቸው ኖሯል። አንድ ቀን፣ «እማማ፣ ቆርቆሮውስ? እሱም እኮ ብረት ነው» ቢላቸው፣ «ቆርቆሮው ላይ ቄስ ጠበል ረጭተውበታል» ብለው አፉን አስያዙት። ትከሻው ላይ ግን ጠበል መርጨት አልተቻለም፤ ቁስሉን ውሃ እንዳይነካው ሐኪሙ ከልክሏል።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ሐሙስ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲያጓራ ወይዘሮ ድንቅቱ እንደ ልማዳቸው ብረቱን አወጡ። ሁሉንም ጨረስኩ ብለው ሲዞሩ ዓይናቸው አማቻቸው ትከሻ ላይ አረፈ፤ እዚያው ደርቀው ቀሩ። ያን ማታ አያንቱ የአራት ዓመቷን ልጃቸውን ጠጅቱን ይዛ፣ ፍራሽ ወስዳ፣ ወዲያኛው ግድግዳ ሥር አነጠፈች። «ልጅቷ እንዳትረግጥህ ነው» አለችው። እሱም «ደግ አደረግሽ» አላት። በደጉም ቀን ልጅቷ እነሱ አልጋ ላይ መተኛት ከተወች ሁለት ዓመት ሆኗታል።

ዛሬ አያንቱ በሳህን ፍትፍት ይዛ ገባች። በስሙኒ ከተገዛ አጥንት የተሠራ መረቅ ነው፤ ወይዘሮ ድንቅቱ ራሳቸው ሥጋ ቤት ሄደው ቅልጥሙን መርጠው ያመጡት። ለአማቻቸው ክፉ ሴት አይደሉም፤ ክፉ ፍርሃታቸው ነው። ቀኝ እጁ ከታሰረ ጀምሮ አያንቱ ነች የምታጎርሰው፤ በግራ መብላት ነውር ነው፣ እሱም አልሆንለት ብሏል። መጀመሪያ ሰሞን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ጉርሻውን እያተለቀች፣ ጉንጩ ሲነፋ እየሳቀች ነበር። ከሐሙስ ወዲህ ቆማ፣ ክንዷን ዘርግታ፣ ቶሎ ቶሎ ታጎርሰዋለች፤ ውሻ የሚያበላ እንግዳ ሰው ትመስላለች።

«እናትሽ ሐኪም ገብረየስን ጠርተዋል» አላት።

«ጉረስ።»

«ታውቂ ነበር?»

«ይቀዘቅዛል፣ ጉረስ።»

ጎረሰ። የፒንሳ ጫፍ ቆዳው ሥር ሲገባ ታየው። ቀጥሎ ደግሞ ሰማዩ ታየው። ፈረንጁ ሐኪም ያለው እውነት እንደሆነ ያውቃል፤ አማቱ የሚሉትም ውሸት እንዳልሆነ ያውቃል። ከሁለቱ የባሰው ግን ሚስቱ ፊት ላይ ያለው ነገር ነው። አያንቱ ዓይኑን አታየውም፤ የምታየው ትከሻውን ነው። ሳህኑን ይዛ ወጣች።

አራት ሰዓት ላይ ተነሣ። ወይዘሮ ድንቅቱ ጋጣ ነበሩ፣ አያንቱ ልብስ ታሰጣለች። ጫማውን በግራ እጁ አጠለቀ፣ ክሩን ማሰር ስላልቻለ እንዲሁ እየጎተተ፣ ኮቱን በትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ አስፓልቱ ወረደ። ያሰበው አዲስ አበባ ሄዶ ሐኪሙን ያችን አንዲት ጥያቄ መጠየቅ ነው፤ ይሳቅብኝ ብሎ ቆርጧል። መንገድ ላይ ጎረቤታቸውን ኦቦ ቦጂያን አገኘ። ሽማግሌው ከሩቅ፣ «አካም ቡልቴ ካሳሁን!» አሉት። እሱም፣ «ደህና አደሩ ኦቦ ቦጂያ» ብሎ እጅ ሊነሣ ሲጠጋ ሰውዬው መንገዱን ለቀው በሣሩ በኩል ዞሩ። እዚያ ማዶ ሆነው፣ «ብረቱ ገና ነው?» ብለው ጠየቁት። ገና ነው አላቸው። «እግዜር ያውጣህ» አሉና እርምጃቸውን አፈጠኑ። ለካ አገሩ ሁሉ ሰምቷል።

አስፓልቱ ዳር ቆመ። የጎጃሙ አውቶቡስ መጣ፤ ሰዉ በር ላይ ተንጠልጥሏል። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ የታሰረውን ክንዱን አየና ራሱን ነቅንቆ አለፈው፤ በዚያ ግፊያ ውስጥ ቢገባ አጥንቱ እንጦጦን ሳይሻገር ይነቀል ነበር። ሁለተኛ አውቶቡስ እስኪመጣ ሊጠብቅ አሰበ። ያኔ ነው ዓይኑ ወደ ተራራው የሄደው። ከእንጦጦ በላይ ጥቁር ደመና መከመር ጀምሯል። ፊቱ ያለው ሜዳ ባዶ ነው፤ የቆሙት ነገሮች የስልክ እንጨቶቹና እሱ ብቻ ናቸው። እንጨቶቹን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፤ ወጥቶባቸዋል። በስልክ ሠራተኞች ዘንድ አንድ ትእዛዝ አለ፤ ነጎድጓድ የሰማ ሰው ወዲያው ከእንጨት ይውረድ፣ ከሽቦም ይራቅ። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ትእዛዝ አክብሮ ወርዷል። ከእንጨት መውረድ ይቻላል፤ ከገዛ ትከሻው ወዴት ይውረድ? ከሩቅ ያየው ሰው አውቶቡስ የሚጠብቅ መስሎት ይሆናል፤ ካሳሁን ግን ከዚያ ቦታ አንድ እርምጃ ለማንሣት ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ሲንቀሳቀስም ወደ ቤቱ ነበር፤ በረጅም እርምጃ፣ ክር ያልታሰረበት ጫማው እየተንሿፈፈ።

ሲመለስ የት ነበርክ ያለው የለም። አያንቱ ጫማውን አወለቀችለት፣ ጭቃውን በጨርቅ ጠረገችው። አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጃንሆይ ሥዕል ያለበትን የቀን መቁጠሪያ አየ። ገና አራት ሳምንት አልሞላም። ባለፈው እሑድ የሥራ ባልደረባው ወንዳፍራሽ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጥቶ፣ አለቃቸው ቦታውን እስከ መስቀል እንደሚጠብቁለት ነግሮታል፤ እስከዚያ እንጨት መውጣት ካልቻለ ግን ሌላ ሰው ይተካል። አንድ ክንድ ይዞ እንጨት አይወጣም። ይህን ሲያስብ ብረቱ ይቆይ ይላል። ወዲያው ደግሞ በመስኮቱ ብርሃኑ ደብዘዝ ሲል፣ አውጡልኝ ሊል ይቃጣዋል። ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ሐሳቡን ስንት ጊዜ እንደለዋወጠ ራሱም አያውቅም።

ሐኪም ገብረየስ በሰባት ሰዓት ተኩል መጡ። በቅሏቸውን በረንዳው ቋሚ ላይ አስረው፣ ካኪ ኮታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡ። ወይዘሮ ድንቅቱ የፈላ ውሃ አቀረቡ። ጠጅቱ የሴት አያቷን ቀሚስ ይዛ በር ላይ ቆማለች። አያንቱ ግድግዳውን ተደግፋ እጆቿን አጣምራለች።

«እህ፣ ካሳሁን! እንዴት ነው?» አሉ ገብረየስ፤ ፋሻውን መፍታት ጀምረው ነበር።

«ሐኪሙ ስምንት ሳምንት ብሏል ጋሼ።»

«ፈረንጅ ጥንቁቅ ነው። እኔ ስንት ጥይት ከስንት ወታደር ሥጋ አውጥቻለሁ። አጥንት በሦስት ሳምንት ይያያዛል፤ አንተ አራት ልትሞላ ነው። ይልቅ ይሄ ነገር ውስጥህ ተቀምጦ ቤተሰቡን ዕንቅልፍ ከሚያሳጣ…» አሉና በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። «ዛሬ ደግሞ ይመጣል።»

ካሳሁን ወደ አያንቱ አየ። ዓይኗን መሬት ላይ ጥላለች። አንድ ቃል ብትናገር፣ «ተው» ብትለው፣ ተነሥቶ ሰውዬውን ባስወጣ ነበር። በዚያ መሃል ከሩቅ፣ ከተራራው በኩል፣ ሰማዩ በረጅሙ አጉረመረመ።

«እሺ» አለ።

እሺ ያለው ደፍሮ አይደለም። ፍርሃት አፉን ከፍቶ ያናገረው ነው።

ገብረየስ ፋሻውን ፈቱ። ቁስሉ ጠባሳ ይዟል፤ የብረቱ ጫፍ ከሥሩ ቆዳውን ወጥሮ ይታያል። ከቦርሳቸው ወረንጦ አወጡና በፈላ ውሃ ነከሩ፤ በጣታቸው ጫፉን ያዝ ለቀቅ አደረጉ። ካሳሁን ጥርሱን ነከሰ። ሰውዬው ወረንጦውን ወደ ብርሃን አንሥተው አገላብጠው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄ ያዳልጣል። ጠንክሮ የሚይዝ ነገር ነው የሚፈልገው። አንተ የስልክ ሰው አይደለህ? ፒንሳህ የታለ?»

«ከብረቱ ጋር አጥሩ ጥግ ነው፤ ዛሬ በጠዋቱ ነው ያወጣሁት» አሉ ወይዘሮ ድንቅቱ። «አያንቱ፣ ቶሎ አምጪ!»

አያንቱ ወጣች። ካሳሁን ትከሻው እንደተገለጠ፣ ብርዱ እየወጋው ጠበቀ። ገብረየስ ምላጭ አፈሉ። ወይዘሮ ድንቅቱ በበሩና በመስኮቱ መሃል ይመላለሳሉ። ሰማዩ ደግሞ አጓራ፤ አሁን ቀርቧል። ክፍሉ እየጨለመ ሲሄድ ገብረየስም መቁነጥነጥ ጀመሩ። «ይቺ ልጅ ምን ሆነች?» አሉ። ወይዘሮ ድንቅቱ በመስኮቱ፣ «አያንቱ!» ብለው ተጣሩ። የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮውን ሲመታ አያንቱ ባዶ እጇን ገባች፤ ነጠላዋ ረጥቧል፣ እጆቿ ጭቃ ናቸው።

«አላገኘሁትም።»

«እንዴት አላገኘሽም? ከላይ ነው ያስቀመጥኩት!»

«ጆንያውን እስከ ታች ገልብጫለሁ። የለም።»

በዚህ መሃል ብልጭ አለ፤ ነጎድጓዱ ተከትሎ ደረሰ። ገብረየስ ፋሻውን እንደ ነገሩ መለሱና ኮታቸውን አነሡ። «ነገ በጠዋት የራሴን ይዤ እመጣለሁ» አሉ። በር ላይ ሲደርሱ በቅሏቸውን አይተው ቆሙ። «ልጓሙም እርካቡም ብረት ነው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። ከዚያ ልጓሙን አወለቁ፣ ኮርቻውን ከነእርካቡ በረንዳው ላይ ጥለው፣ በቅሎዋን በገመድ እየጎተቱ በሩጫ ሄዱ። ሌላ ቀን ቢሆን ካሳሁን ሆዱን ይዞ በሳቀ ነበር።

ወይዘሮ ድንቅቱ ጠጅቱን አዘሏት። ማድ ቤቱ ሣር ክዳን ነው፤ አንድ ምስማር የለበትም። «ኮቱ አያንቱ፣ ነዪ!» አሉ ኦሮምኛ ከአማርኛ ቀላቅለው፤ ወደ አልጋው አላዩም። አያንቱ፣ «መጣሁ» አለች። እናቷ ግቢውን ተሻግረው ማድ ቤት ሲገቡ ግን በሩን ከውስጥ መለሰችውና ከአልጋው አጠገብ፣ ከግራው በኩል፣ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ሂጂ» አላት ካሳሁን።

«ፒንሳው ከላይ ነበር።»

«ምን?»

«ፒንሳው። ከጆንያው ላይ ነበር። ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት።»

ካሳሁን አፉን ከፍቶ አያት። «በፊርማዬ የወሰድኩት የመንግሥት ዕቃ እኮ ነው!» አለ ሳያስበው። አያንቱ ሳቅ አመለጣት፤ ብልጭታው ሲመጣ ሳቋ ተቆረጠና ግራ እጁን ጨምድዳ ያዘችው። ጥፍሯ ገባበት።

«እኔ ሐሙስ ዕለት ወደዚያ ግድግዳ የሄድኩት ልጅቷ እንዳትረግጥህ አልነበረም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ፈርቼህ ነው። አባዬን ሲያመጡት አይቻለሁ። አሁንም ፈርቻለሁ። ግን ዛሬ ከዚህ ከወጣሁ ነገ መመለስ አልችልም። ራሴን አውቃታለሁ።»

ሊመልስላት ሲል በረዶው ወረደ። ቆርቆሮው ጆሮ የሚያደነቁር ጩኸት ሞላው፤ ከእንግዲህ መነጋገር አይቻልም። ካሳሁን ዓይኑን ጨፈነ። በጨፈነውም ዓይኑ ብልጭታው ይታየዋል። ትከሻው ውስጥ ያለው ብረት የሞቀ መሰለው፤ ከዚያ የቀዘቀዘ መሰለው። ስመ ሥላሴን ጀመረና መሃሉ ላይ ጠፋበት። አያንቱ ራሷን ፍራሹ ውስጥ ቀብራለች፤ እጁን ግን አልለቀቀችም። ከዚያ ብርሃኑና ድምፁ አንድ ላይ መጡ። ቤቱ ከሥሩ ተነቃነቀ፣ አቡጀዲው ላይ የነበረ አቧራ ሁሉ ወረደባቸው፣ አንዳች የሚነድ ነገር ሸተተ። ወዲያው ከሜዳው በኩል ላሞች አብረው ጮኹ።

በረዶው ቀስ በቀስ ወደ ዝናብ ተለወጠ። ከግቢው ማዶ የወይዘሮ ድንቅቱ ጩኸት መጣ።

«አያንቱ! አያንቱ! ያ ዋቃ! አምላኬ! አለሽ?»

«አለሁ!»

ከዚያ ያው ድምፅ፣ ግን ከበፊቱ በጣም አንሶ፣ «የልጅቷ አባትስ?» አለ።

አያንቱ ወደ ባሏ አየች። ልትመልስ ጀምራ ተወችና ተነሥታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ካሳሁን እናቷ ላይ ድምፅዋን ስታነሣ ሰምቷት አያውቅም።

«መጥተሽ እዪው!»

ሰማዩ አሁንም ያጉረመርማል፤ አላለፈም። ከዚያ ወይዘሮ ድንቅቱ ጋቢያቸውን በራሳቸውና በጀርባቸው ባለችው ልጅ ላይ ጥለው፣ ጎንበስ ብለው ግቢውን አቋረጡ። ደፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ውሃው ከጋቢው ጫፍ ይንጠባጠባል። እንደ ሐሙሱ ዓይናቸው መጀመሪያ ትከሻው ላይ አረፈ። ቀጥሎ ፊቱን አዩ። ፊቱ በእንባ ርሷል፤ እስከዚያች ሰዓት ማልቀሱን ራሱም አላወቀም።

«አንተም ትፈራለህ እንዴ?» አሉት።

«ከሁላችሁም በላይ፣ እማማ።»

ደግሞ ብልጭ አለ። ወይዘሮ ድንቅቱ ወደ ማድ ቤቱ ዞረው አዩ፣ መልሰውም እሱን አዩት። ከዚያ ደፉን ተሻገሩ፤ ከአልጋው ራቅ ብለው፣ በሩ ሥር ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጡና የተኛችውን ልጅ ከጀርባቸው ወደ ጭናቸው አወረዱ። የአንቀልባው ቋጠሮ አልፈታ ቢላቸው የፈታችው አያንቱ ነበረች።